ሽቦ ላይ የተሰጣ ሰማይ

አሶሳ ውስጥ ማን እንደሞተ ለማወቅ የእድር ጥሩንባ መጠበቅ የቀረው ፎቶ አንሺው ታረቀኝ ባነር ማተም ከጀመረ ወዲህ ነው። ጠዋት ወደ ገበያ የሚወርድ ሁሉ በፎቶ ቤቱ በኩል ሲያልፍ መጀመሪያ ዐይኑን ወደ ሽቦው ይጥላል። ታረቀኝ ያተመውን ነገር ሁሉ ቀለሙ እስኪደርቅ በረንዳው ላይ በወጠረው ሽቦ ላይ ነው የሚያሰጣው። ባነሩ ላይ ካለው ሰው ጀርባ ሣርና ፏፏቴ ከታየ ሙሽራ ነው፣ ወይ ተመራቂ ነው፣ እሰየው ተብሎ ይታለፋል። ከጀርባው ከዋክብት ከታዩ ግን፣ ቀለበት የታጠቀች ፕላኔት ብቅ ካለች፣ ያ ሰው የለም። ሴቶቹ እዚያው ቆመው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ከዚያ የማን ልጅ ነው፣ ለቅሶው የት ነው መባል ይጀመራል።

ይህን ያወጀ ቀበሌ የለም፣ ቄስም ሼህም አላዘዘውም። እንዲያው ሆኖ ቀረ። ታረቀኝን ስለዚህ ነገር ብትጠይቁት ግን ደሙ ይፈላል፤ እነዚያን ሰማዮች ሲሠራ ለሞት ብሎ አልነበረምና።

ታዲያ ለምን ነበር? እሱም በደንብ አያውቀውም። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው፤ እሱ እዚያው ሰፈራ መንደር ተወልዶ አደገ። ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ላይ አንጋጦ የሚሄድ ሰው ነው፣ በዚህም ስንት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ከተማ ወጥቶ ፎቶ ቤት ሲከፍትና ኢንተርኔት ሲያገኝ፣ ሌላው ሰው ኳስና ፊልም ሲያወርድ እሱ የጠፈር ቴሌስኮፖች ያነሷቸውን ፎቶዎች ማውረድ ያዘ። ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝ ደመና፣ የጁፒተር ማዕበል፣ የማርስ ቀይ አቧራ። ማርስን ያየ ጊዜ ሳቀ፤ የኛ ሰፈር መንገድ በበጋ ማለት ይኸው አይደል እንዴ አለ። ቆይቶ ማየት ብቻ አልበቃውም። ኮምፒውተሩ ላይ የራሱን ፕላኔቶች መፍጠር ጀመረ። ሁለት ጨረቃ የሚወጣበት አገር ሠራ፤ መሬቱ ቀይ፣ በቀዩ መሬት ላይ የአሶሳ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በላይ ሰማዩን ከዳር እዳር የሚያቋርጥ ቀለበት። አንዱ ሥዕሉ ላይ ከማንጎ ዛፍ ጀርባ ሁለት ፀሐይ ትጠልቃለች። አትሞ ግድግዳው ላይ ደረደራቸው። የገዛው ሰው የለም። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣው ሁሉ እያየ ያሾፍበታል፤ እዚያ የቤት ኪራይ እንዴት ነው፣ ውሃስ በፈረቃ ነው ወይ ይለዋል። ታረቀኝም አብሮ ይስቃል። ያኔ ሳቅ የሚቀድመው ሰው ነበር።

ከዚያ ምስጋና ሞተ።

ምስጋና የታረቀኝና የሚስቱ የየወርቅውሃ የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበር። ወባ ነው የጨረሰው። እናቱ ያን ጊዜ ጉባ ነበረች። የግድቡ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ለዚያ ሁሉ ብረት አሳሪና ሾፌር ድስት የምትጥደው እሷና ጓደኞቿ ናቸው። ፈቃድ ስታገኝ ትመጣለች፣ ሌላውን ጊዜ ኔትወርክ ሲፈቅድ በስልክ ነው። ልጁ ያረፈ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ታረቀኝን ከበው መከሩት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን መንገድ ላይ ምን ትሆናለች፣ ትንሽ አተኩሶታል፣ ደህና ነው፣ እስቲ ብቅ በይ ብቻ በላት አሉት። አገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ በሰው ተከቦ ነው የሚረዳው። ታረቀኝም ደወለና ደህና ነው አላት። አገናኘኝ አለችው። ተኝቷል አላት። ልጁ በዚያች ሰዓት እየተገነዘ ነበር።

መንገዱ ያኔም በእጀባ ነው የሚኬደው። የወርቅውሃ መኪናዎቹ እስኪሰበሰቡ፣ ወታደሮቹ እስኪመጡ ጠብቂ ተብላ ጠበቀች። ስትደርስ የልጇ መቃብር አፈሩ ደርቆ ነበር። አልጮኸችም፣ መሬት ላይም አልተንከባለለችም፤ ሴቶቹ አልቅሺ ቢሏት እንኳ እሺ አላለችም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች፣ «ደህና ነው ስትለኝ አመንኩህ» አለችው። ተመልሳ ጉባ ሄደች፣ ታረቀኝም ያችን ንግግር ይዞ ቀረ።

ለልጁ አርባ ሌላ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ስላልነበረ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ምስጋናን ቀርከሃ በሚበቅልበት ቀይ ፕላኔት ላይ አቆመው፣ ሁለቱን ጨረቃዎች ከራሱ በላይ አደረገለት። ድንኳን ውስጥ ሲሰቀል ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት የልጇን ፎቶ ይዛ መጣችና እንደ ምስጋና አድርግልኝ አለችው። እንዴት እምቢ ይበል? ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ፤ ከካማሺም ከመተከልም ዘመዱን ቀብሮ፣ አንዳንዱም ሳይቀብር አሶሳ የገባው ሁሉ ስልኩ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ፎቶ እያሳየ ሰማይ አስገባልኝ ይለው ጀመር። ሽቦው ባዶ የሚውልበት ቀን ጠፋ። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲህ በሰማዮቹ ፊት ለመነሳት እሺ ብሎ አያውቅም። ግድግዳው ላይ ያሉትንም አውርዳቸው፣ ያስፈራሉ አሉት። አወረዳቸው። ሞት መጀመሪያ ልጁን ወሰደ፣ ቀጥሎ ሥዕሎቹን ወሰደበት፣ እሱም ዝም ብሎ አስረከበ።

እንግዲህ የሕሊና ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሕሊና የምስጋና ታናሽ ናት፣ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። አባቷን ነው ቁርጥ፤ ቀና ብላ ስትሄድ ትደናቀፋለች። ትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ቀን አዘጋጅቶ ስለ ፕላኔቶች ቆማ እንድታስረዳ ተመርጣ ነበር። ማታ መጥታ አባቷን ያዘችው፤ የጠፈር ሰው ልብስ ለብሳ፣ የብርጭቆ ቆብ አድርጋ፣ ቀለበት ካላት ፕላኔት ፊት የቆመችበት ትልቅ ባነር ይሠራላት። ታረቀኝ ክው አለ። አይሆንም አላት። ፏፏቴ ልሥራልሽ፣ አበባ ልሥራልሽ እያለ ለመናት። ፏፏቴ ሥር ቆሜ ስለ ሳተርን ላውራ እንዴ ብላ አኮረፈች። እራት አልበላም አለች። ከዚያ ከተኛችበት ሆና፣

«አባዬ፣ ሰማይ የሞቱ ሰዎች ብቻ ነው እንዴ?» አለችው።

እሱ ራሱ ስንት ዓመት ሲጠይቀው የኖረውን ነው የጠየቀችው። በማግስቱ ጀመረላት።

ሲሠራው እንዴት ደስ አለው! እጁ ላይ ለቅሶ የሌለበት ሰማይ ከያዘ ስንት ጊዜው። ሕሊናን ቀይ አፈር ላይ አቆማት፣ ከኋላዋ ቀርከሃውን ተከለ፣ የቆቧ መስታወት ላይ የፕላኔቷ ቀለበት ሲያንጸባርቅ አሳየ። የወለቀው የፊት ጥርሷ ሳይቀር ይታያል፤ እንዲያ ነው የሳቀችው። ከሠራቸው ሁሉ ይኼን የሚያህል የለም ብሎ አሰበ፣ እውነቱንም ነበር።

ያተመው ዓርብ ጠዋት ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ። የሳይንሱ ቀን ቅዳሜ ነበር። የግንቦት ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ፎቶ ቤቱ ውስጥ እርጥበቱ አልወጣም፣ መብራት ደግሞ እንዳተመ ሄደና ማራገቢያው ቆመ። ቀለሙ እጅ ላይ ይይዛል። ውጭ ፀሐይ ወጥቷል። ታረቀኝ ባነሩን ተሸክሞ ወጣና ሽቦው ላይ ሰቀለው።

ከጎኑ ጨርቅ የሚሸጠው ማህጁብ፣ የአሶሳ ተወላጅ የበርታ ሰው ነው፣ ከሱቁ ወጥቶ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ታረቀኝ፣ ይሄ አታውጣ» አለው። «ሰው ያያል፣ ሕሊና ሞተ ይላል። ወላሂ፣ ወደ ውስጥ አስገባ።»

ታረቀኝ ሳቀበት። እየሳቀች፣ ጥርሷ ወልቆ፣ ቆብ ደፍታ ማን ሞተች ይላል አለው። አይ ታረቀኝ! እዚያ ሽቦ ላይ ያልሳቀ ሙት መቼ ነበረና? ሰው ፎቶ ሲነሳ ይስቃላ፤ ሁሉም የሠርጋቸው፣ የምርቃታቸው ፎቶ ነው። ይህን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሐቁ ግን ሌላ ነው፤ እንዲታይለት ፈልጎ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሰው በዚያ በር ሲያልፍ ሰማዩን አይቶ ፈገግ እንዲልለት ፈልጎ ነበር። በዚህ ሰው ይፈረድበታል? እኔ እንጃ። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን በራሱ ላይ ሲፈርድ ይኖራል።

ማህጁብ ጁምዓ ነውና ሱቁን ዘግቶ መስጊድ ሄደ። ታረቀኝ የባነሩን ፍሬም የሚሆን ቀርከሃ ሊያሠራ ሄደ፣ ባለሙያው አሁን አሁን እያለ አቆየው። ሲመለስ ከሩቅ ኡኡታ ሰማ። ሰው ሞቷል ብሎ አዘነ፤ ማን ይሆን ብሎ እርምጃውን አፈጠነ። በፎቶ ቤቱ በር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ፣ በአካባቢው ያለው ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። አንደኛዋ እሱን ስታይ እግሩ ላይ ወደቀች።

ለማስረዳት የፈጀበትን ጊዜ ተዉት። በሕይወት አለች፣ ትምህርት ቤት ናት ሲላቸው ማንም አልሰማውም፣ አእምሮውን ነክቶታል ብለው ይዘው ሊያስቀምጡት ታገሉ። በኋላ አንዱ ጎረቤት የሱ ልጅ አሁን እዚያው ክፍሏ አይቷት እንደመጣ ሲናገር ነው ኡኡታው የበረደው። ለቅሶው ወደ ቁጣ ዞረ። ምን ዓይነት አባት ነህ፣ በልጅህ ሟርት ትጠራለህ እንዴ እያሉ ሰደቡት። ሲሰድቡት ደስ አለው፣ ሳቀ እንኳ። ባነሩን ሲያወርድ ስልኩ ጮኸ።

ቶይባ ናት፣ የአሶሳ ልጅ፣ ጉባ ከየወርቅውሃ ጋር አንድ ወጥ ቤት የምትሠራ። አንዷ ወጣት ባነሩን ፎቶ አንስታ ነፍስ ይማር ብላ ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። ያ ሲፈልጉት የሚጠፋ ኔትወርክ ያን ቀን ካምፑ ውስጥ ጢም ብሎ ነበር። የወርቅውሃ አይታዋለች። ታረቀኝ ቶሎ ስጪኝ፣ አገናኚኝ አለ። የሚስቱን ትንፋሽ ሰማ።

«የወርቅዬ፣ ደህና ናት። ለትምህርት ቤት ብዬ የሠራሁት ሥዕል ነው። ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት።»

«አገናኘኝ።»

«ትምህርት ቤት ናት።»

ቀስ ብላ፣ «ምስጋናም ተኝቶ ነበር» አለችው።

ታረቀኝ ያኔ እውነቱን ደብቆ የተናገረው ቃል አሁን እውነቱ ራሱ ነው፣ ሌላ ቃል የለውም። እምላለሁ አለ። በአፉ የመጣው፣ ሰው ሁሉ የሚምለው መሐላ ነው፣ ሕሊና ትሙት። ሕሊና ብሎ ጀመረና አቆመ። እንዲያ ብሎ እንዴት ይማል? ያችን መቆም ግን እሷ ሰማቻት። አንድ ድምፅ አወጣች፣ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ትምህርት ቤት ድረስ ሮጠ። ዘበኛውን ገፍቶ ገባ፣ ሕሊናን ከክፍል ጎትቶ አወጣት። ልጅቷ ባነሩ አልቆ ሊያሳያት የመጣ መስሏት ትዘላለች። ደወለ። የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም ትላለች ያቺ ሴትዮ። ቶይባን ሞከረ፣ የካምፑን ሌላ ሰው ሞከረ፣ ጉባ የሚባል አገር ከምድር የጠፋ ይመስላል። ልጅቷን ቪዲዮ ቀረጻት። እማዬ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ነገ ስለ ሳተርን አወራለሁ፣ አንቺ ለምን አትመጪም አለች። ላከው። መልእክቱ አልደረሰም፤ ምልክቷ እዚያው ትዞራለች። ታረቀኝ ራሱን አጽናና፤ ዛሬ እጀባ የለም፣ እስከሚቀጥለው እጀባ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ቪዲዮውን ታያለች፣ ትሰድበኛለች፣ በሕይወቴ እንደሱ ያለ ስድብ አልሰማም፣ ይሁን ትስደበኝ አለ። ሕሊናን ከጎኑ አልለያትም። በማግስቱ ለሳይንሱ ቀንም አልለቀቃትም፤ ስልኩ በሠራ ሰዓት እጁ ላይ እንድትገኝለት ነው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች።

የቀረውን የነገረችው ቶይባ ናት። ስሚንቶ አራግፎ ባዶውን ወደ አሶሳ የሚመለስ የጭነት መኪና ነበር፣ ሾፌሩ እጀባ አልጠብቅም ያለ ደፋር። የወርቅውሃ የወጥ ቤት ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች። ቶይባ ቀሚሷን ይዛ ለመነቻት፤ ልጅቱ ደህና ናት ብሏል፣ እኔ ሰምቼዋለሁ፣ እጀባ ጠብቂ አለቻት።

«ባለፈው ጠብቂ ስትሉኝ ጠበቅሁ» አለቻት። «ይችን እንኳ ሳትቀበር ልያት።»

ጋቢና ገባች። መኪናው መንገዱ ላይ ያለውን ጫካ ሳያልፍ ተተኮሰበት። የተኮሱት እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፣ ከሁለቱም የተረፈ አልነበረምና።

እሑድ ገና ሳይነጋ ታረቀኝ በሩን ሲከፍት ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው አገኛቸው። ማህጁብም መሐላቸው ነበር፣ ዐይኑን ከመሬት አላነሳም። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰብስበው የቆሙ ሰዎችን አይቶ የማይገባው የለም። ምንም ሳይሉት እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ለልጅቱ ለጊዜው እናትሽን ትንሽ አሟታል እንበላት ሲሉት ግን እንደ አውሬ ተነሳባቸው። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ደህና ነው ተብሎ አይዋሽም አለ። ገብቶ ቀሰቀሳትና በራሱ አፍ ነገራት።

ድንኳን ተጣለ፣ አስከሬኑ መጣ፣ ተቀበረ። ታረቀኝ ባነር አልሠራላትም። ሰዎች ሲጠይቁት ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል አለ። እዚያ ቤት ማንም አይዋሽም ካለ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር።

በሠልስቱ ሰው በዛ ብሎ ነበር። ታረቀኝ ከወንዶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ የሚሉትን ይሰማል፣ አሜን ይላል፣ ምን እንዳሉት አያውቅም። ሕሊና መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ፀጉሯን አሳጥረው ቆርጠዋታል። ወደ ጆሮው ተጠግታ፣

«አባዬ፣ እማዬ ስትመጣ እኔ ሞቻለሁ ብላ ነው?» አለችው።

«ደህና ናት ብዬ ነግሬያታለሁ» አላት። ይሄ እውነት ነው።

«አመነችህ?»

ታረቀኝ ልጁን አያት። ዐይኖቿ አብጠው ጠበዋል፣ ግን አትነቅላቸውም።

«አምናኛለች» አላት።

ልጅቷ ፊቱን ትንሽ መረመረችው። ከዚያ ተነሳችና በተቀመጡት ሰዎች መሐል እያለፈች ሄዳ ሴቶቹ ጋር፣ ለለቅሶው ከጉባ ከመጣችው ከቶይባ አጠገብ ተቀመጠች። የጠየቀቻትን ታረቀኝ አልሰማም፤ ቶይባ ግን በሻሿ ፊቷን ስትሸፍን አየ።